ግድግዳውን ያሠራው ማን ነው?

ማዘጋጃ ቤቱ ቤታችንን ሊያፈርስ መሆኑን የሰማሁት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ታሪክ ምንጮች ሳስተምር ነው። እማዬ ደወለች። እማዬ በሥራ ሰዓት የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ።

“ቤቱን ሊያፈርሱት ነው” አለችኝ። “መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት። እኔ ግን ወይ ፍንክች! ከፈለጉ ከነእኔ ያፍርሱት።”

“ማን ነገረሽ?”

“በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ገነጠልኩት።”

“መገንጠልሽ ምን ይጠቅማል?”

“አንጀቴን አርሶታል።”

ማታ የተገነጠለውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ አነበብኩት። ከመንገዱ ጥግ እስከ ጥግ ያሉት ቤቶች በሙሉ ይፈርሳሉ ይላል። “ታሪካዊ ፋይዳ ያላቸውና ነባር ይዞታቸው ያልተለወጠ” ቤቶች ብቻ ይተርፋሉ። ቤቴ ታሪክ አለው የሚል ባለቤት ታሪኩን አጥንቶ ለቅርስ ኮሚቴው ያቅርብ፣ ባለሙያም መጥቶ ያያል። ሳቄ መጣ። ይሄን ሁሉ ዓመት የነገሥታትን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ የምተኛበትን ቤት ማን እንደሠራው አላውቅም ነበር። ሳቁ ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። መኪና ለማቆም ብለው እናቴን ሊያፈናቅሉ? ከእኔ ጋር ካልተላለቁ አይሆንም አልኩ።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይባል የለ? ከሥሩ ጀመርኩ። እማዬ ለእንግዳ ሁሉ የምታወራው ታሪክ ነበራት፤ ቤቱን ያሠራው የውጭ አገር አምባሳደር ነው፣ ሳሎኑ የዳንስ አዳራሽ ነበር፣ ኮርኒሱ መሃል ያለው የጂፕሰም አበባም በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። እኔ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ያለው መዝገብ ቤት ገብቼ አቧራ ስቅም ሰነበትኩ። አምባሳደር የሚባል ነገር የለም። ቤቱን የሠራው የጨው ነጋዴ ነው። ዛሬ እማዬ የምትተኛበት ክፍል የጨው መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው በዝናብ ወራት እንደ ሯጭ የሚያልበውም ለዚህ ነው፣ ጨው እርጥበት ይስባል። ከነጋዴው በኋላ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። በመጨረሻ የእማዬ አባት፣ ልብስ ሰፊው፣ ገዙት።

“ጨው?” አለች እማዬ ስነግራት፣ የተሰደበች ያህል ፊቷን አጨፍግጋ።

“ጨው። ግን የጨው ነጋዴ እኮ በዚያ ዘመን የናጠጠ ሀብታም ነበር።”

“አምባሳደሩን ተይልኝ። ማንን ይጎዳል?”

“ኮሚቴው ያጣራል እማዬ።”

“እነሱ ምን ያውቃሉ! የምኖርበት እኔ ነኝ።”

እስከዚህ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር። ከሞቱ ሰዎች ጋር መሥራት ጥሩ ነው፤ አያኮርፉም። ችግሩ የመጣው በሕይወት ያሉት ዘንድ ስደርስ ነው።

ሳሎናችንን መሃል ለመሃል የሚቆርጥ የጡብ ግድግዳ አለ። የኮርኒሱ አበባ ሳይቀር ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ እኛ ጋ፣ ግማሹ ማዶ። ማዶ ያሉት እቴቴ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ እህት። የእኛ በር በዋናው መንገድ በኩል ነው፣ የእሳቸው በጓሮው ቅያስ በኩል። ሲያስሉ ይሰማናል፤ እሳቸው ጋ ለመድረስ ግን ሰፈሩን መዞር ያስፈልጋል። እማዬና እቴቴ ግድግዳው ከቆመበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ግድግዳውና እኔ ደግሞ እኩያ ነን፤ የተሠራው እኔ በተወለድኩበት ሳምንት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው አያቴ ሲሞቱ ሁለቱ እህቶች በሳሎኑ ተጣሉ። እማዬ እኔን አርግዛ ነበር፤ አባቴ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። “ልጄ የት ይዳሃል?” ትላለች። እቴቴ ገና አላገቡም፤ “እኔስ ጎጆ አልወጣም? እንግዳ አይመጣብኝም?” ይላሉ። ሲጨቃጨቁ ከረሙና አንድ ቀን ግድግዳው ቆሞ ተገኘ። እማዬ “አክስትሽ ያቆመችው ግድግዳ” ነው የምትለው። ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም፤ እኔም ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለ ቤተሰባችን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ ዘንድ መጠየቅ መሸነፍ ነው። እማዬ መነጽሯ ሲጠፋት ቤቱን ታምሰዋለች እንጂ “አይተሽዋል?” አትልም። እቴቴ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳስተው ተሳፍረው፣ ሰው ላለመጠየቅ ሲሉ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደው በእግራቸው ተመልሰዋል። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው እኛን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ባለሙያው መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ከደብዳቤ የተገለበጠ የሚመስል ወጣት ነው። የበሮቹን እንጨት ዳሰሰ፣ የመስኮቶቹን ቅስት ፎቶ አነሳ። ፊቱ በርቶ ሳለ ግድግዳው ጋ ደረሰና ቆመ።

“ይሄ ነባር ይዞታውን ያዛባ ጭማሪ ነው” አለ። “ማነው ያሠራው?”

“አክስቴ” አልኩት ሳላስብ።

ዞረን በጓሮ በኩል እቴቴ ጋ ገባን። የተቀበለን ልጃቸው ነው። ሥራው ግንባታ ስለሆነ ዘመድ ሁሉ ኮንትራክተሩ ይለዋል። ባለሙያው እሱንም ያንኑ ጠየቀው።

“አክስቴ ናት” አለ ኮንትራክተሩ።

ባለሙያው ተራ በተራ አየን። “ይህቺ አክስት ግን የት ነው የምትገኘው?”

ስናስረዳው ሳቀ፣ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። ግድግዳው ከፈረሰ ቤቱ መስፈርቱን ያልፋል፤ ካልፈረሰ ግን ማን እንዳሠራውና ለምን እንዳሠራው በታሪኩ ውስጥ መጻፍ አለበት፣ ኮሚቴው የሚመረምረው እሱን ነው አለን። ከዚያ ጫማውን ከጓሮው ጭቃ እየጠበቀ ወጣ።

መጀመሪያ እማዬን ጠየቅኳት፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ እንደ ባዳ።

“ከሐኪም ቤት አንቺን ታቅፌ ስገባ ሳሎኑ ግማሽ ሆኗል” አለች። “ልስኑ እንኳ አልደረቀም። አራስ ነኝ እኮ! እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለት ሲገባት ግድግዳ አበረከተችልኝ።”

“ለምን አደረግሽው ብለሽ ጠየቅሻት?”

“ለምን ብዬ? ደስ እንዲላት?”

ከዚያ ሰፈሩን ዞሬ እቴቴ ጋ ሄድኩ። ያኔ ነርስ ነበሩ። ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወጥተው የተመለሱት እኔ በተወለድኩ በሳምንቱ ነው።

“ሥራ ላይ ሆኜ ነው መውለዷን የሰማሁት” አሉ እቴቴ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ። “ተጣልተናል፤ ቢሆንም እህቴ ናት፣ ልጇ ደግሞ ምን አጠፋች ብዬ የሕፃን ብርድ ልብስ ገዛሁልሽ። ቢጫ። በጓሮ ገብቼ፣ ሳሎኑን አቋርጬ ላለብስሽ ስል ከግድግዳ ጋር ተፋጠጥኩ። ቆሜ ቆሜ ብርድ ልብሱን ለሰው ሰጠሁት።”

“እቴቴ፣ አልጠየቋትም?”

“ምን ብዬ ልጠይቃት? ምነው ጠላሽኝ ብዬ?”

ያን ቀን ሰፈሩን ዞሬ ተመልሼ የሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አነበብኩ። ተማሪዎቼን ሁለት ምንጮች ሲጋጩ አንዱ ይዋሻል ብላችሁ አትቸኩሉ እላቸዋለሁ። እነዚህ ሁለት ምንጮች አይዋሹም። ሁለቱም ቆሞ ያገኙትን ግድግዳ ነው የሚናገሩት። ሲሠራ ግን አንዳቸውም አላዩም።

ኮንትራክተሩ ይሄ ሁሉ ፍልስፍና አልገባውም። “ማንም ይሥራው! አፍርሰነው ይለቅለት” አለና ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሠራተኛና ትልቅ መዶሻ ይዞ መጣ። የሚገርመው እማዬም እቴቴም ተስማሙ። እርግጥ የተስማሙት በእኔና በእሱ በኩል ነው፤ “ያቺ ካፈረሰች ታፍርስ” “እሷ ካለች ትበለው” እየተባባሉ። እኔ ደግሞ የኮርኒሱ አበባ ሳይሰበር ይፈርስ እንደሆን ለማየት መሰላል አስጠግቼ፣ የኮርኒሱን ክዳን ከፍቼ፣ በስልኬ መብራት ወደ ላይ ገባሁ።

አቧራና የአይጥ ጎጆ ነው። በእንብርክኬ ሄጄ ከግድግዳው በላይ ደረስኩ። ጣሪያውን በሙሉ የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጄን ያስገባል። እንጨቱ ግን ባዶ ላይ አልተንጠለጠለም። ከሥሩ፣ ልክ ከሥሩ፣ የግድግዳው ጫፍ አለ። በእንጨቱና በጡቡ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶና በብረት ቁራጭ ተጠቅጥቆ ተሞልቷል። ይሄ የእልህ ግድግዳ አይደለም። በእልህ ግድግዳ የሚሠራ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ እንጨት አይደግፍም።

“አቁሙ!” ብዬ ጮህኩ። “እንዳትነኩት!”

ኮንትራክተሩ እየሳቀ ወደ ላይ ወጣ። ሲወርድ ግን ከንፈሩ ደርቋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ላይ ሊደርስ ነበር፤ ቤቱን እናድን ብለን በሁለቱ እናቶቻችን ራስ ላይ ልንከምረው። ሠራተኞቹን ሸኛቸው፣ መዶሻውን መኪናው ውስጥ ወርውሮ ተቀመጠ።

“ታዲያ ይሄን ማን አወቀ?” አለኝ። “እንጨቱ መሰንጠቁን?”

በዚያ ሳምንት እማዬ ሐኪም ቤት ናት፣ እቴቴ ገጠር። የቤቱ ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ማነው? አንድ ሰው ቀረ። የሁለቱም ታናሽ ወንድም፣ ሾፌሩ አጎቴ። የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ በወር አንድ ጊዜ እየመጡ እዚያ ያድሩ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው ከከተማው ዳር ይኖራሉ፤ ሁለቱንም እህቶቻቸውን እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም ጋ ይበላሉ፣ ሁለቱንም ያሞግሳሉ። እማዬም እቴቴም ስማቸውን ከግድግዳው ጋር አንስተው አያውቁም። መንገድ ላይ የሚኖርን ሰው ማን ያስባል?

ስደርስ ደጃቸው ላይ የቆመችውን፣ ከዓመታት ወዲህ ሞተሯ ያልተነሳ መኪናቸውን ያጥባሉ።

“ጋሼ፣ የሳሎናችንን ግድግዳ ማን እንደሠራው ያውቃሉ?”

“እኔ ነኝ” አሉ ጨርቁን እየጨመቁ። “ምነው፣ ተሰነጠቀ?”

ክው አልኩ። እሳቸው ግን ስለ አየር ሁኔታ እንደተጠየቀ ሰው መስታወቱን መወልወል ቀጠሉ።

“ከመንገድ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ሳሎኑ ላይ አቧራ ይዘንባል። ብወጣ እንጨቱ ተገምሷል። ዛሬ ነገ ይወርዳል! መኪናዬ ላይ ባለቤቱ አልረከብም ያለው ጡብ ነበረኝ። ግንበኛ ጠርቼ ምሰሶ አቁም አልኩት። ‘ጡቡ ይተርፋል፣ ለምን እስከ ጥግ አንወስደውም’ አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ።”

“በር እንኳ አልተዉም እኮ ጋሼ!”

“በር እንጨት ይፈልጋል። ስመለስ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር።”

“ታዲያ ሲመለሱስ?”

“ስመለስማ ያቺም በዚያ በኩል ቁምሳጥን አስጠግታበታለች፣ ይቺም በዚህ በኩል። ጭቅጭቁም ቆሟል። ተስማምተው የተካፈሉት መሰለኝ። እሰይ ብዬ ተውኩት።”

“እነሱ እኮ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም! እርስዎ ለምንድነው ያልነገሯቸው?”

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከልባቸው ነው የተገረሙት።

“ማን ጠየቀኝ?”

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉት አጎት እንዲህ ነው። ቤቱን አድነዋል። ሁለቱን እህቶቻቸውን ደግሞ አለያይተዋል። አንዱንም አያውቁም።

ለእማዬ ነገርኳት። ጨርሼ ይሄኔ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

“ስለዚህ ይሄን ሁሉ ዘመን የሞኝ ኩርፊያ ነው ያኮረፍኩት?”

“እንደዚያ አላልኩም።”

“ብለሻል! እሷስ? አፍ የላትም? የተመረቅሽ ቀን እንኳ ከበር ላይ ቆማ አይታሽ ነው የሄደች። ‘ይሄን ግድግዳ ምን ብለሽ ሠራሽው’ ብትለኝ ያን ቀን ባለቀ!”

እቴቴም ቃል በቃል ለማለት ይቻላል ያንኑ አሉ። “እሷ ትጠይቀኝ ነበራ። ታናሽ እኮ ናት።” ከዚያ እንደ ቀድሞው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስወጣ ግን እጃቸው ግድግዳው ላይ አርፎ አየሁ፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው።

ታሪኩን ጻፍኩ። አንድም አልደበቅኩም፤ የጨው ነጋዴውን፣ የተሰነጠቀውን እንጨት፣ የአጎቴን ጡብ፣ ያልተጠየቀውን ጥያቄ። ግድግዳው ለውጥ ሳይሆን ጥገና ነው፣ ካለሱ ቤቱ አይቆምም ብዬ ደመደምኩ። ኮሚቴው ጠራን። እማዬና እቴቴ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ መሃላቸው ላይ አጎቴን እንደ ግድግዳ አድርገው።

ሰብሳቢው ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ነበር። ጽሑፌን በጣቱ እያገላበጠ ጀመረ።

“ጥናቱ ጥሩ ነው፣ መምህርት። ግድግዳው ከፈረሰ ቤቱ ይወድቃል። ግድግዳው ከቆመ ደግሞ እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው መቆም ይችላል። እንዲህ አይደለም ያልሽው?”

“አዎ፣ ግን…”

“እንግዲያው መፍትሔውን ራስሽ ሰጥተሽናል። ግድግዳውን ያሠራው ባለቤት ይዞታውን አዛብቷልና የሱ ግማሽ ይፈርሳል። ያላሠራው አይቀጣም፣ የሱ ግማሽ በቅርስነት ይመዘገባል። መኪና ማቆሚያውም ቦታ ያገኛል።”

ደሜ ፈላ። የራሴን ጥናት ቢላዋ አድርጎ ቤቴን እንደ ዳቦ ሊቆርጥበት ነው። አጎቴ ተነሱ።

“ጌታዬ፣ ያሠራሁት እኔ ነኝ።”

“ባለቤት ነዎት?”

“ድርሻዬን ለእህቶቼ ትቻለሁ።”

“ከሁለቱ ማን አዘዘዎት ታዲያ?”

“ማንም።”

“ማንም ካሉ ባለቤት ያላዘዘው ሕገወጥ ግንባታ ነው” አለ ሰብሳቢው። “ቤቱ በሙሉ ከመዝገብ ይወጣል። በሙሉ ይፈርሳል ማለት ነው። አስበው ይመልሱ። ማን አዘዘዎት?”

አጎቴ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ስሟ ከተጠራ ግማሹ ቤት ይተርፋል፤ ካልተጠራ ምንም አይተርፍም። እኔም ኮንትራክተሩም የየእናታችንን ፊት ማየት ፈራን። ዕድሜያቸውን ሙሉ “እሷ ናት” ሲሉ ኖረዋል። አሁን የሚጠበቅባቸው ያንኑ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ መድገም ብቻ ነው።

እቴቴ ተነሱ።

“እኔ ነኝ ያዘዝኩት” አሉ። “የእኔ በኩል ይፍረስ። እሷን አትንኳት።”

“ውሸቷን ነው!” እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፣ ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ተበተነ። “እኔ ነኝ! አራስ ነበርኩ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው ያዘዝኩት። የእኔን አፍርሱ!”

“ምን ታውቂያለሽ አንቺ፣ ሐኪም ቤት ተኝተሽ!” አሉ እቴቴ።

“አንቺስ ገጠር ሆነሽ በምን ታዣለሽ? በወፍ ነው?”

“ዝም በይ ብያለሁ! ታላቅሽ ነኝ!”

“ታላቄ ብትሆኚም ቤትሽን ልትሰጪልኝ አትችይም!”

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ድምፃቸው አንድ ዓይነት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንዱን በአየር፣ አንዱን በጡብ በኩል እየሰማሁ አላወቅኩም ነበር። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደበ።

“እናቶች! እናቶች! ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።”

“ሁለታችንም ነን” አለች እማዬ። “ምን ታመጣለህ? ጻፈው።”

“ጻፈው” አሉ እቴቴም።

እኔም ተነሳሁ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ያለሁ ያህል ወጣ። “ጥገና ነው ብዬ ጽፌያለሁ። እንጨቱ የተሰነጠቀው ከግድግዳው በፊት ነው፤ ሲሚንቶው የተጠቀጠቀው ልክ ከስንጥቁ ሥር መሆኑን ወጥታችሁ እዩ። ጣሪያ ሊወድቅ ሲል ሮጦ የደገፈን ሰው ማን አዘዘህ የሚል ደንብ ካላችሁ አንብቡልን። ከሌላችሁ ቤታችንን ለመቁረጥ ወንጀለኛ አትፈልጉ። እኛ ቤት አንዲት ወንጀለኛ ተፈልጋ ሁለት ተገኝተዋል። ከፈለጋችሁ እኔም ሦስተኛ እሆናለሁ።”

ኮንትራክተሩም እጁን አወጣ። “እኔም አለሁበት” አለ፣ ያኔ ባይወለድም። ከኋላ ሰው ሳቀ።

ከኮሚቴው አባላት አንዷ መሃንዲስ ናት፤ ጽሑፌን ካስገባሁ በኋላ ቤታችን መጥታ ነበር። መነጽሯን አውልቃ፣ “ደንቡ የሚከለክለው ለውጥን ነው፣ ጥገናን አይደለም” አለች። “ራሴ ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ አይቼ መጥቻለሁ፤ የጻፈችው እውነት ነው። ቤት ለሁለት በሚቆርጥ ውሳኔ ላይ እኔ አልፈርምም።” ሰብሳቢው ሊመልስላት ሲል ከጎኑ ያለው ሌላ አባል “እኔም” አለ። ከዚያ ሌላው። ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው ብቻውን ቀረ።

ቤቱ ከነግድግዳው ተመዘገበ። ሙሉ ቤት። ግራና ቀኛችን ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ጎረቤቶቻችን በሄዱ ቀን ደጃፍ ላይ ቆመን ለእያንዳንዱ አልቅሰናል። መኪና ማቆሚያው በሁለት በኩል ከቦ ይሠራል። አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ እማዬም በየቀኑ መስኮቱን ከፍታ ሠራተኞቹን ትሰድባለች፣ እነሱም ለምደዋታል። ኮንትራክተሩ ግድግዳው ላይ በብረት ደግፌ በር ላውጣ ቢል መሃንዲሷ ከለከለችው። ስለዚህ ዛሬም ከእኛ ቤት እቴቴ ቤት ለመድረስ ሰፈሩን መዞር ነው።

ከኮሚቴው የተመለስን ቀን እማዬ ምሳ አልቀመሰችም። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ግድግዳውን አየች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማ አደረገች። “የት ነው?” ብላት በሩን ከፍታ ወጣች። ከኋላዋ ተከተልኳት። ጉልበቷ ያማታል፤ በየአጥሩ እየተደገፈች፣ ቁፋሮውን ተሻግራ፣ በቅያሱ ታጥፋ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ረግጣው የማታውቀው ደጃፍ ላይ ቆመች። እጇን አንስታ መለሰችው። እንደገና አነሳችና አንኳኳች።

“ማነው?” አሉ እቴቴ ከውስጥ።

እማዬ ወደ በሩ ተጠጋች።

“ግድግዳውን ያሠራሁት ነኝ።”

ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ተንቋቋ።

“ውሸታም” አሉ እቴቴ። “ያሠራሁት እኔ ነኝ። ግቢ።”